በሥራ ላይ ስለሚገኝ አዲስ አሳብ፤ የእንዶድ ምርመራ እንደ ምሳሌ

በሥራው ላይ አዲስ አሳብ የሚያፈልቅ ሰው ከባልደረቦቹ በምን ይለያል? ብዙዎቻችን በአእምሮው ፍጥነት ነው እንላለን። ለእኔ ግን ዋናው ልዩነት፣ ለአንድ ጉዳይ በወጣበት ሥራ ላይ ሌላ ያልጠበቀው ነገር ሲያጋጥመው ዝም ብሎ አለማለፉ ይመስለኛል። ለዚህም የዶክተር አክሊሉ ለማን ሥራ በማስረጃነት አቀርባለሁ። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ዶክተር አክሊሉ በ1964 ወደ ዐድዋ የሄዱት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች በወንዞቹ ውስጥ የት የት እንደሚገኙ ለማጥናት ነበር። የበሽታው ትል በመጀመሪያ በእነዚህ ትንንሽ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ገላ ውስጥ ይራባል፤ ኋላም ወጥቶ በውሃው የሚመላለሰውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው መንገድ ይቋረጣል ማለት ነው። ዶክተሩም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በዝተው አገኙ።

እኛ ተማሪዎች በላቦራቶሪ ከመጽሐፉ ጋር የማይስማማ ውጤት ሲያጋጥመን፣ ጥፋቱ የእኛ ነው ብለን ቍጥሩን እናስተካክላለን (መምህራኖቼ ይህን እንደሚያነቡት አልዘነጋሁም)። የሞተ ቀንድ አውጣም ቈጥሮ ለሚመዘግብ ሰው የሚጣል ነገር ነው። እርሳቸው ግን ከአጣቢዎቹ አንዷን፣ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ዕቃ ከእንዶዷ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርላቸው ለመኗት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙ ሳይቈዩ ሞቱ።

እንዶድ ሸማ እንደሚያነጣ እናቶቻችን ከጥንት ያውቁ ነበር፤ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያን እንደሚያስተላልፍም ሊቃውንቱ ያውቁ ነበር። ሁለቱ ዕውቀቶች የሚገናኙበት ስፍራ ግን ያ ወንዝ ዳር ሆነ፤ ለመገናኘታቸውም የተማረው ሰው ያልተማረችውን መጠየቅ አስፈለገው። ይህ በቢሮም ሆነ በፋብሪካ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ረጅምና አድካሚ ነበር። ፍሬው ደርቆና ተፈጭቶ በልዩ ልዩ መጠን ተፈተነ፤ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የተሻለውን የእንዶድ ዘር በመምረጥ ደከሙ። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተደረገው ሙከራ፣ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አሉ።

ይህን የመሰለ ውጤት ወዲያው ተቀባይነት ያገኛል ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። በአገር ውስጥ የተሠራው ምርመራ በውጭ ባሉ ክፍሎች ዘንድ በቂ ሆኖ አልታየም፤ የእንዶድ ጕዳት እንደ ውጭው ደንብ እንደገና እንዲመረመር ተጠየቀ። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ጥያቄው ሁሉ ያለ ምክንያት ነበር አልልም። ይሁን እንጂ መርማሪው ማን እንደ ሆነና የት እንደ ሠራ፣ ከሥራው እኩል የተመዘነ ይመስላል። ሁለቱ ሊቃውንት በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ያን አረፋ ከለመኑ 25 ዓመት በኋላ።