የቀመር ነጋዴ መጻሕፍት

በኒውዮርክ፣ በለንደንና በቺካጎ የአክሲዮንና የቦንድ ንግድ በሚካሄድባቸው ቤቶች፣ የሚገዙትንና የሚሸጡትን በወሬና በስሜት ሳይሆን በሒሳብ ቀመርና በኮምፒውተር ምርመራ የሚወስኑ፣ በሙያ ስማቸው ኳንት የሚባሉ ነጋዴዎች አሉ። የእነዚህን ሰዎች የመጻሕፍት መደርደሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ገንዘብን የማብዛት ምስጢር የሚገልጡ ድርሳናትን ብቻ አገኛለሁ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ከሒሳብ መጻሕፍቱ ጎን ለጎን፣ ባለቤታቸውን ከራሱ ስስትና ትዕቢት ለመጠበቅ የተቀመጡ የተግሣጽ መጻሕፍትን ያገኛል፤ በእኔም አስተያየት ለሥራው ይበልጥ የሚያስፈልጉት እነዚህ ኋለኞቹ ናቸው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሙያው መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው ፈረንሳዊው ሉዊ ባሽልዬ በ1900 በፓሪስ ለዶክተርነት ማዕረግ ያቀረበው ጥናት ሲሆን፣ ይህ ሊቅ የዋጋን መውጣትና መውረድ በዕድል ሒሳብ ሲመረምር ዘመኑ ስላላስተዋለው፣ ሥራው ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እስኪያነሡት ድረስ ተረስቶ ኖረ። ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ በ1973 ያሳተሙት የኦፕሽን (በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት) ዋጋ ቀመርም፣ ዛሬ ተማሪው ሁሉ የሚያነበው የጆን ሃል መማሪያ መጽሐፍም፣ የዊልያም ፌለር የዕድል ሒሳብ ትምህርትም በዚሁ ረድፍ ይቆማሉ።

ከሁሉ ይልቅ ልዩ ቦታ የሚገባው ግን ኤድዋርድ ቶርፕ ነው፤ ይህ አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር በ1962 ባሳተመው «ቢት ዘ ዲለር» በተባለው መጽሐፉ፣ የወጡትን ካርታዎች በማስተዋል የሚቆጥር ተጫዋች በብላክጃክ ጨዋታ ቁማር ቤቱን ሊረታ እንደሚችል በሒሳብ ካስረዳ በኋላ፣ ያንኑ ጥበብ ወደ አክሲዮን ገበያ ይዞ ገብቶ በሥራ የፈጸመ ሰው ነው። የቶርፕ ታላቅነት ብልጫውን በማግኘቱ ብቻ ሳይሆን፣ ብልጫውን ካገኘ በኋላ ከገንዘቡ ስንቱን ማስያዝ እንደሚገባው አስቀድሞ በመጠየቁ ነው፤ ለዚህም ጥያቄ መልሱን ያገኘው የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪ የነበረው ጆን ኬሊ በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ነበር።

የኬሊን ነገር በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ ሰው ከአሥር ጊዜ ስድስቱን ለእርሱ እያዳላ የሚወድቅ ሳንቲም ቢያገኝ፣ ሲያሸንፍም ያስያዘውን ያህል ተጨማሪ የሚቀበል፣ ሲሸነፍም ያስያዘውን የሚያጣ ቢሆን፣ ቀመሩ በየዙሩ ካለው ገንዘብ 20 በመቶውን ብቻ እንዲያስይዝ ያዘዋል፤ በዚህ መሠረት 100 ብር ይዞ ጀምሮ ከአሥር ዙር ስድስቱን ቢያሸንፍና አራቱን ቢሸነፍ 122 ብር ገደማ ይኖረዋል። ይኸው ሰው ስስት አይሎበት በየዙሩ 40 በመቶውን ቢያስይዝ ግን፣ ሳንቲሙ ያው፣ ድሉም ያው ስድስት ሆኖ ሳለ፣ በመጨረሻ የሚቀረው ከ98 ብር ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ከ100 ብር 40 አጥቶ 60 የቀረው ሰው፣ በሚከተለው ዙር 40 በመቶውን አስይዞ ቢያሸንፍ 84 ብር እንጂ 100 ብር አይኖረውም። ትክክለኛ እውቀት የያዘ ሰው በመጠን ማጣት ብቻ ሊከስር እንደሚችል ይህን ያህል አጥርቶ የሚያሳይ ስሌት አላውቅም።

የተግሣጽ መጻሕፍቱ ይህንኑ እውነት በሰዎች ሕይወት ይመሰክራሉ። ኤድዊን ለፌቭር በ1923 ያሳተመው የአክሲዮን ነጋዴ ትዝታ፣ ስሙን ለውጦ የጄሲ ሊቨርሞርን ታሪክ የሚተርክ ነው፤ ሊቨርሞር በ1929 ገበያው በወደቀ ጊዜ እጅግ ባለጸጋ ከሆነ በኋላ በ1934 ከስሮ፣ በ1940 ሕይወቱን በገዛ እጁ ያጠፋ ሰው በመሆኑ፣ መጽሐፉም ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ የታተመ ስለሆነ፣ የዛሬው አንባቢ ተራኪው ያላወቀውን ፍጻሜ እያወቀ ያነበዋል። ሮጀር ሎዌንስታይን በ2000 ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት ስለተባለው ድርጅት ይተርካል፤ ከባለድርሻዎቹ መካከል ሾልስና ሮበርት ሜርተን በ1997 የኖቤልን ሽልማት የተቀበሉ ሊቃውንት ሆነው ሳሉ፣ ድርጅቱ ከራሱ ካፒታል ከ25 እጥፍ በላይ ተበድሮ ይነግድ ስለነበር፣ በነሐሴ 1998 ሩስያ የውስጥ ዕዳዋን መክፈል ባቆመች ጊዜ ሀብቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተንዶ፣ 14 የገንዘብ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው ሊይዙት ግድ ሆነ። የኬሊን ምሳሌ ያነበበ ሰው ይህን ታሪክ ሲያነብ እንግዳ አይሆንበትም።

ከአዲሶቹ መካከል የማርኮስ ሎፔዝ ደ ፕራዶ የ2018 መጽሐፍ ለብርቱ ስሕተት መድኃኒት ያቀርባል። ነጋዴው አንድ የግብይት ሥርዓት ሲያስብ ባለፉት ዓመታት የዋጋ መዝገብ ላይ ይፈትነዋል፤ ይሁን እንጂ አንዳችም ጥቅም የሌላቸውን 100 ሥርዓቶች ቢፈትንና የፈተናው መስፈርት ከመቶ አምስት ጊዜ ስሕተትን የሚፈቅድ ቢሆን፣ ወደ አምስት የሚጠጉት በአጋጣሚ ብቻ ትርፋማ መስለው ይታዩታል፤ እርሱም ዘጠና አምስቱን ረስቶ አምስቱን ብቻ ይዞ ወደ ገበያ ቢወጣ፣ ያታለለው ሌላ ሰው ሳይሆን የገዛ ትጋቱ ነው።

ስለዚህ በመደርደሪያው ላይ ከታተሙት ሁሉ ጋር፣ ራሱ ነጋዴው የሚጽፈው የሥራ መዝገብ ይቀመጣል፤ በእርሱም ላይ ሐሳቡን ከመፈተኑ በፊት፣ ለምን እውነት ሊሆን እንደሚችል ምክንያቱን፣ ከፈተነውም በኋላ ውጤቱን፣ ከሁሉም በላይ ያልተሳካውን ሙከራ ሳይቀር በተራ ቁጥር ያሰፍራል። በሦስተኛ ሙከራ የተገኘና በሦስት መቶኛ ሙከራ የተገኘ ትርፍ በወረቀት ላይ እኩል ቢታዩም፣ መዝገብ ያለው ሰው ሁለተኛውን፣ አንዲት ሳንቲም እንኳ ሳይመድብበት፣ ቀድሞ ባልነካው የዋጋ መዝገብ ላይ እንደገና ይፈትነዋል።