ከመተማ መንገድ እስከ አምበልነት፤ ዘፈኑ ያልመለሰው ጥያቄ

ነሐሴ 21 ቀን 2015 ዓ.ም ቡዳፔስት ላይ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የወንዶች ማራቶን እየተጠናቀቀ ነው። ወርቁን ኡጋንዳዊው ቪክቶር ኪፕላንጋት ወስዶታል። የአገራችን ተመልካች ብሩን ከልዑል ገብረሥላሴ ሲጠብቅ ሌላ ሯጭ መጨረሻ ላይ አልፎት 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ በሆነ ጊዜ ገባ። ልዑል በ7 ሰከንድ ተበልጦ ነሐስ ደረሰው። የሁለተኛው ሯጭ ስም ማሩ ተፈሪ፣ ባንዲራው ደግሞ የእስራኤል ነው። «እንዴ! ይሄማ የኛው ልጅ አይደል?» ሳይል የቀረ ተመልካች ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

አዎ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር የሄደ ልጅ ነው። ከእሱ በፊት ብዙዎች የሄዱበት መንገድ ደግሞ የራሱ ዘፈን አለው። እስራኤል ውስጥ «ጉዞ ወደ እስራኤል ምድር» እየተባለ የሚታወቀው ይህ ዘፈን በትምህርት ቤቶችና በመታሰቢያ ቀናት ይዘፈናል። ግጥሙን ሐይም ኢዲሲስ ጻፈው፤ ዜማውን ፒያኖ ተጫዋቹና ድምፃዊው ሽሎሞ ግሮኒክ ሠራው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ግሮኒክ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ የሄዱ ሕፃናትን ሰብስቦ «የሳባ መዘምራን» የተባለውን ቡድን አቋቋመና በ1993 አብሯቸው አልበም አወጣ። ዘፈኑን ያኔ አገሩ ሁሉ ሰማው።

ዘፈኑ የሚተርከው በሌሊት ስለሚጓዝ አንድ ልጅ ነው። ስንቁን ይዞ በጨረቃ ብርሃን በረሃውን ያቋርጣል፤ እናቱ ደግሞ ትንሽ ቀረን እያለች ታበረታዋለች። በመንገድ ላይ ሽፍቶች ይመጡና እናትየው ትቀራለች። መድረሻውን እያወደሰ ወደፊት የሚገፋ ዜማ ስለሆነ አገር ወዳድ መዝሙር ነው ቢባል ማንም አይከራከርም። ግን መጨረሻው ላይ ልጁ ጨረቃዋን ሲያይ የእናቱ መልክ ይታየዋል። እሷ አጠገቡ ብትኖር ኖሮ አይሁድ መሆኑን መስክራ ሰዎቹን ባሳመነችለት ብሎ ይመኛል። በደስታ ዘፈን ውስጥ እንዲህ ያለ ስንጥቅ መኖሩ ይገርማል። ልጁ ገና ሳይደርስ «ያምኑኝ ይሆን?» የሚል ጭንቀት ይዞታል ማለት ነው።

መንገዱን የአማራ ክልል ሰው ያውቀዋል። ከጎንደር ዙሪያ፣ ከአምቦበርና ከወለቃ መንደሮች የወጡት ቤተ እስራኤላውያን ወደ ሱዳን የሄዱት በእግራቸው ነው፤ ብዙዎቹም ገዳሪፍ አካባቢ ባሉ መጠለያዎች ለወራት ከረሙ። የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው አርብ ገበያ፣ በስማዳና በእስቴም የዚያ አቅጣጫ ስም እንግዳ አይደለም። ዝናብ በሚያጥርበት በዚያ ደጋ አገር ወጣቱ የአጨዳ ወቅት ሲደርስ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል። ልዩነቱ የሰሊጥ ሠራተኛው ወቅቱ ሲያልፍ ይመለሳል፤ የዘፈኑ ልጅ ግን የወጣው ላይመለስ ነው።

ብዙዎች ያሰቡበት ሳይደርሱ ቀሩ። በጉዞውና በሱዳን መጠለያዎች ውስጥ በረሃብ፣ በበሽታና በሽፍታ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚጠጉ ይነገራል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተካሄደው «የሙሴ ዘመቻ» ከ7,000 እስከ 8,000 የሚሆኑ ሰዎች ከሱዳን በአውሮፕላን ተወሰዱ። ከዚያም ግንቦት 1991፣ የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ «የሰለሞን ዘመቻ» በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ አነሳ። አንዱ ቦይንግ 747 ወንበሩ ተነቅሎ ከ1,000 በላይ ሰው ጭኖ ነበር። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ እንደ ክብረ ወሰን ይጠቀሳል።

ታዲያ ያ ልጅ ደርሶ ምን ሆነ? እዚህ ላይ ነው ኳሱ የሚመጣው። ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ ሜዳ ላይ ለመግባባት ዕብራይስጥ አያስፈልገውም፤ ኳስ መቀበልና ማቀበል በቂው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደው ባሩክ ዴጎ በ2004 ማካቢ ቴል አቪቭን ይዞ ሻምፒዮንስ ሊግ ገባ። ምድቡ የሞት ምድብ ነበር፦ ባየርን ሙኒክ፣ ጁቬንቱስ እና አያክስ። ማካቢ አያክስን ሜዳው ላይ 2ለ1 ሲያሸንፍና ከጁቬንቱስ ጋር 1ለ1 ሲወጣ ዴጎ በቡድኑ ውስጥ ነበር፤ በምድብ ጨዋታዎቹም ጎል አስቆጥሯል። የጎንደርን ስም ሰምቶ የማያውቅ የአውሮፓ ተመልካች አንድ ሐበሻ በትልቁ መድረክ ሲጫወት አየ።

ቀጥሎ የመጣው ትውልድ እዚያው የተወለደው ነው። በ1992 ናታንያ ከተማ ከኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የተወለደው ኤሊ ዳሳ የቀኝ መስመር ተከላካይ ነው። ከቤይታር ኢየሩሳሌም ወደ ማካቢ ቴል አቪቭ፣ በ2019 ወደ ሆላንዱ ቪቴሴ፣ በ2022 ደግሞ ወደ ዲናሞ ሞስኮ ተዛወረ። ከዚህ ሁሉ በላይ የብሔራዊ ቡድኑን የአምበልነት ጨርቅ ክንዱ ላይ አሰረ። የስደተኛ ልጅ የአገር አምበል ሲሆን ለዘፈኑ ልጅ ጥያቄ ከዚህ የበለጠ መልስ ከየት ይመጣል?

ነገሩ ግን እንደ ኳስ ውጤት ቀላል አይደለም። ዘፈኑ በየበዓሉ በሚዘፈንባት አገር በጥር 1996 የደም ባንኩ ከኢትዮጵያውያን የተለገሰውን ደም በድብቅ ሲደፋ መኖሩ ተጋለጠና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ ለተቃውሞ ወጡ። በ2015 ፖሊሶች ዩኒፎርም የለበሰውን ወታደር ዳማስ ፓካዳን ሲደበድቡ በካሜራ ተቀርጸው ሕዝቡ ቴል አቪቭን ዘጋ። በሰኔ 2019 ደግሞ ወጣቱ ሰለሞን ተካ ከሥራ ሰዓት ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሲገደል ጎዳናው ዳግም ተቀጣጠለ። ሰልፍ ከወጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ያንን ዘፈን ትምህርት ቤት እየሰሙ ያደጉ ናቸው።

ይሄ የእስራኤል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ በ1998 የዓለም ዋንጫን ስታነሳ የአልጄሪያ ስደተኞች ልጅ የሆነው ዚነዲን ዚዳን ምስል ሻንዜሊዜ ላይ ግንብ ሞልቶ ታየ፤ አገሩም የዘር ጥያቄ ያበቃ መሰለው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ የፓሪስ ዳርቻ ሰፈሮች በሁከት ነደዱ። ጀርመናዊው ሜሱት ኦዚል በ2018 ከብሔራዊ ቡድን ራሱን ሲያገል፣ ስናሸንፍ ጀርመናዊ ስንሸነፍ ስደተኛ ነኝ የሚል ይዘት ያለው ምሬት ጽፎ ነው የወጣው። የስታዲየም ጭብጨባ 90 ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ማልያውን አውልቆ እንደማንኛውም ሰው መንገድ ላይ ይሄዳል።

ያም ሆኖ የእነዚህን ልጆች ሥራ ማሳነስ ፍርደ ገምድልነት ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ በሕፃንነቱ እስራኤል የገባው አማካይ ጋዲ ኪንዳ ከአሽዶድ እስከ አሜሪካው ስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲ ተጫውቷል። ግንቦት 2025 በ31 ዓመቱ ሲያርፍ የማካቢ ሃይፋ ተጫዋች ነበር። የተቀናቃኝ ክለብ ደጋፊዎች ሳይቀሩ አለቀሱለት። ያን ዕለት አይሁድ መሆኑን መስክሩልኝ የሚል ጥያቄ ያነሳ አልነበረም።

ዛሬ እስራኤል ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች ይኖራሉ። በሱዳን መንገድ ያለቁት በየዓመቱ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ይታሰባሉ። በዚያ ዘፈን ውስጥ ያለችው እናት እዚያ ከሚታሰቡት አንዷ ናት ማለት ይቻላል። ልጇ አሁን ሜዳ ላይ አለ፤ ኳሱን ይዟል፤ አምበልም ሆኗል። ጨዋታው ሲያልቅ ምን ብለው እንደሚጠሩት የሚወስኑት ግን ዛሬም ተመልካቾቹ ናቸው።