ሃያ ዓመት ነድተው፣ እንደገና «ለማጅ»

የመርካቶን ግርግር ያውቁታል። የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ቤተሰብ ጭነው ወርደዋል። ኑሮ ለንደን ካደረስዎ በኋላ ግን አንድ ቀን መኪናዎ ላይ ቀይ «ኤል» ያለበት ነጭ ምልክት ይለጥፋሉ። በእኛ አገር «ለማጅ» እንደማለት ነው። ከጎንዎ ተቀምጦ የሚቆጣጠርዎት ደግሞ አዝለው ያሳደጉት የእህትዎ ልጅ ሊሆን ይችላል። ሕጉ የሚጠይቀው ከ21 ዓመት በላይ የሆነና መንጃ ፈቃድ ካወጣ 3 ዓመት የሞላው ሰው ነውና።

ያሳፍራል? ትንሽ። ግን ብቻዎን አይደሉም።

ዓመቱ ሳያልቅ ይጀምሩ

በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ብሪታንያ ውስጥ የቤት መኪና መንዳት የሚችሉት ነዋሪ ከሆኑ በኋላ ለ12 ወር ብቻ ነው። እንደ ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ መንጃ ፈቃድ በቀጥታ አይቀየርም። ሥራ ፍለጋውና የልጆቹ ትምህርት ቤት ጉዳይ ዓመቱን ሳያስቡት ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ብቻዎን ቢነዱ ኢንሹራንስዎ ላይሠራ፣ ፖሊስም መኪናውን ሊይዘው ይችላል። እንጀራው በመሪ ላይ ለሆነ ሰው ይህ የቤት ኪራይ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የለማጅ ፈቃዱን በጊዜ ያውጡ።

ቀድሞ ማየት የሚያስቀጣበት ፈተና

የጽሑፍ ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ ከ50 ጥያቄ 43 መመለስ አለብዎት። ከ2014 ጀምሮ በአስተርጓሚ መፈተን ስለቀረ እንግሊዝኛው ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ለዓመታት ሚኒባስ የነዳ አንድ ወዳጃችን ማታ ማታ ጥያቄዎቹን የምታነብለት የ12 ዓመት ልጁ ነበረች። «በመጀመሪያ ከበደኝ፤ በኋላ ግን ከእሷ ጋር የማወራበት ጊዜ ሆነልኝ» ይላል።

ቀጥሎ 14 አጫጭር ቪዲዮዎች ይታያሉ። አደጋ ሲፈጠር ማውሱን ይጫናሉ፤ ከ75 ነጥብ 44 ያሳልፋል። እዚህ ላይ ልምድ ራሱ ወጥመድ ነው። የቆየ ሹፌር አደጋውን ገና ከሩቅ ስለሚጠረጥር ነጥብ መቆጠር ሳይጀምር ይጫንና ዜሮ ያገኛል። ሲጠረጥሩ አንዴ፣ ነገሩ መባባስ ሲጀምር ደግሞ እንደገና ይጫኑ። ዝም ብሎ ደጋግሞ መጫን ግን እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል።

እጅና አንገት ሲረሱ

የመንገድ ፈተናው 40 ደቂቃ ያህል ነው። መጀመሪያ ከ20 ሜትር ርቀት የመኪና ታርጋ ያነባሉ። ከዚያ መሪው በቀኝ፣ መንገዱ በግራ ነው። ማርሽ የለመደው ቀኝ እጅዎ በሩን ይመታል። አደባባይ ሲደርሱ አንገትዎ በልማድ ወደ ግራ ይዞራል፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ግን ከቀኝ ለሚመጣ ነው። ክላክስም «ቸኩያለሁ» ማለት አይደለም፤ አደጋ ለመከላከል ብቻ ነው።

እስከ 15 ቀላል ስህተት ይታለፋል። አንድ ከባድ ስህተት ግን ይጥላል። መንገድ መሳት ብቻውን ስህተት ስላልሆነ አይደናገጡ፤ ይልቅ በደህና መታጠፍዎን ይጠብቁ።

ወዳጃችን የወደቀው በስፖኪዮ ነው። መስመር ሲቀይር ከጎኑ የነበረችውን ብስክሌት አላያትም፤ ፈታኙ ፍሬን ባይዝ ኖሮ ይነካት ነበር። «ሃያ ዓመት ነድቻለሁ አልኩት። እሱ ግን ያየው ያቺን ደቂቃ ብቻ ነው።» ለሁለት ቀን ለቤተሰቡ አልተናገረም። በኋላ ግን አንድ ነገር ገባው፦ ብስክሌቷ ላይ የነበረው የሌላ ሰው ልጅ ነበር።

የዚህ ፈተና ትርጉም እዚያ ላይ ነው። መንዳት ያውቃሉ ወይ ብሎ አይጠይቅዎትም። ልማድ የሸፈነብዎትን ይገልጣል። ስለዚህ ከፈተናው በፊት ጥቂት ሰዓት ከአስተማሪ ጋር ይንዱ፤ «አስተምረኝ» ሳይሆን «ስህተቴን ቁጠርልኝ» ይበሉት። ፍሬቻ ከማብራትዎ በፊት ስፖኪዮ ይዩ፤ ጭንቅላትዎንም በግልጽ ያዙሩ። ቢወድቁ ቢያንስ 10 የሥራ ቀን ቆይተው ይደግማሉ።

ወዳጃችን በሁለተኛው አለፈ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቤተሰቡን ጭኖ ሲወጣ ልጁ ከኋላ ወንበር «አባዬ፣ ስፖኪዮ!» አለችው።

አየ።