ቤትን አስከትሎ በምድረ በዳ መንገድ
(በአውስትራሊያ በረሓ ከወዳጅ ጋራ ስለሚደረግ ጉዞ)

ሰው የወዳጁን ጠባይ ለማወቅ የፈለገ እንደ ሆነ ወይ ገንዘብ ያበድረው፥ ወይ ከርሱ ጋራ ሩቅ መንገድ ይሂድ። በከተማ ሳሉ በሳምንት አንድ ቀን ተገናኝቶ ቡና መጠጣትና መሳሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን ውሃ በልክ በሚጠጣበት፥ ቤንዚን በልክ በሚቀዳበት፥ ከአንዱ መንደር እስከ ሁለተኛው የግማሽ ቀን መንገድ በሆነበት አገር አንድ ወር አብሮ መክረም የሰውን ልብ እንደ ወርቅ በእሳት ይፈትነዋል። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጽ በአውስትራሊያ ምድረ በዳ ወዳጅ ከወዳጁ ጋራ ሆኖ ተጎታች ቤት እያስከተለ ስለሚያደርገው ጉዞ ጥቂት ቃል ልንጽፍ አሰብን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በቀድሞ ዘመን ቅፍለት ሲባል ግመልና በቅሎ ጭኖ፥ እርስ በርሱ እየተጠባበቀ በአንድነት የሚሄድ የመንገደኛ ጉባኤ ማለት ነበረ። አውሮፓውያን ለዚሁ ነገር ካራቫን የሚል ስም አላቸው። በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ግን ዛሬ ካራቫን የሚሉት ከአውቶሞቢል ኋላ ታስሮ የሚጎተተውን ባለ ጎማ ቤት ነው፤ በውስጡም አልጋ፥ ምድጃ፥ የውሃ በርሜልና የምግብ ማቀዝቀዣ ይገኙበታል። በአውስትራሊያ ብዙዎች ልጆቻቸውን አሳድገው፥ ከሥራቸው በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ ይህን የመሰለ ቤት ገዝተው ወራት የሚፈጅ ጉዞ ያደርጋሉ። የቃሉ ትርጕም ቢለወጥም የመንገዱ ሕግ አልተለወጠም፤ ቅፍለት የሚድነው ሳይበታተን ሲሄድ ነውና።

አውስትራሊያ እጅግ ሰፊ አገር ናት፤ ስፋቷም 7.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳሩ ግን ሕዝቧ የሚበዛው በባሕሩ ዳር ስለ ሆነ በመካከል ያለው ምድር ሰው ያልበዛበት ደረቅ አገር ነው፤ የአገሩ ሰዎችም አውትባክ ይሉታል። ባዶ ነው ማለት ግን አይገባም፤ የአገሩ ጥንታውያን ነገዶች ከብዙ ዐሥር ሺህ ዓመታት ጀምረው ውሃው የት እንደሚፈልቅ፥ አውሬው በየት እንደሚያልፍ ለይተው እያወቁ ኖረውበታልና።

ምድሩን ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚያቋርጠው ዋናው መንገድ ስቱዋርት ሃይዌይ ይባላል። ከፖርት ኦገስታ ተነሥቶ ዳርዊን እስኪደርስ ርዝመቱ ከ2,700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስሙን ያገኘው ከጆን ማክዱዋል ስቱዋርት ነው፤ ይኸውም መንገደኛ አስቀድሞ ሞክሮ ከተመለሰ በኋላ በ1862 ምድሩን አቋርጦ በሰሜን ካለው ባሕር ደረሰ። የርሱንም ፈለግ በብዙ ተከትሎ የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘረጋ፤ ሥራውም በ1872 ተፈጸመ። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር አስፋልት የለበሰው ግን በ1987 ነው። አውቶሞቢል ሳይመጣ የበረሓውን ዕቃ የሚያመላልሱት ከ1860ዎቹ ጀምሮ ከአፍጋኒስታንና ከሕንድ አገር የመጡ ግመል ነጂዎች ነበሩ። ዛሬ ከአደሌድ እስከ ዳርዊን የሚሄደው ባቡር ጋን ተብሎ የሚጠራው በእነዚሁ ሰዎች ስም እንደ ሆነ ይነገራል፤ የግመሎቻቸውም ዘር ዱር ገብቶ እስከ ዛሬ በበረሓው ይሰማራል።

በዚህ መንገድ ላይ የሚታየው ነገር ብዙ ነው። ኩበር ፒዲ የምትባለው ከተማ ከ1915 ጀምሮ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ የሚቈፈርባት ናት፤ የውጭው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ብዙ ሰዎች ቤታቸውን ከምድር በታች ፈልፍለው ይኖራሉ። ከአሊስ ስፕሪንግስ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተጓዘ ሰው ደግሞ ኡሉሩ የሚባለውን ቀይ ዐለት ያያል፤ ከሜዳው ተነሥቶ 348 ሜትር ከፍ ይላል። መሬቱ በ1985 ለጥንት ባለቤቶቹ ለአናንጉ ሕዝብ ተመለሰ። እነርሱም ቦታው የተቀደሰ ስለ ሆነ እንግዳ እንዳይወጣበት ብዙ ዘመን ሲለምኑ ቆይተው በ2019 መውጣት ፈጽሞ ተከለከለ። ቤቱን አስከትሎ የሚሄድ ሰው በሌላው ቤት እንግዳ መሆኑን መርሳት አይገባውም። በአንዳንዱም የነገዶች መሬት ለማለፍ አስቀድሞ የፈቃድ ወረቀት መያዝ ያስፈልጋል።

ወደ ጉዞው ዝግጅት እንመለስ። ለደረቁ አገር የሚመቸው ወራት ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ነው፤ በዚያ ወራት ቀኑ ለስላሳ ነው፥ ሌሊቱ ግን ይበርዳልና ብርድ ልብስ አይረሳ። ከዕቃው ሁሉ ከባድ ከባዱ ከታች፥ በጎማዎቹ አጠገብ ይጫን፤ በኋላው ጫፍ የተከመረ እንደ ሆነ ቤቱ እንደ ዓሣ ጅራት ይወዛወዛል። በመጎተቻው ኳስ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከዐሥር እጅ አንዱ ያህል ቢሆን መልካም ነው ይላሉ ዐዋቂዎች። ቤቱ መወዛወዝ የጀመረ እንደ ሆነ ነጂው ደንግጦ የአውቶሞቢሉን ፍሬን በኃይል አይርገጥ፤ እግሩን ከነዳጁ ቀስ ብሎ ያንሣና የተጎታቹን ፍሬን ብቻ በእጁ ይጫን። አስፋልት በሌለበት ኰረኰንች መንገድ የጎማውን ነፋስ ጥቂት መቀነስና በዝግታ መሄድ ይገባል።

ከግሌንዳምቦ እስከ ኩበር ፒዲ ድረስ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ በመካከል ቤንዚን የሚቀዳበት ስፍራ የለም፤ ተጎታች የሚስብ አውቶሞቢል ደግሞ ከወትሮው እጅግ አብልጦ ይጠጣል። ስለዚህ ባገኙበት ሁሉ መሙላት ብልኅነት ነው። ሮድ ትሬን የሚባሉት ተሳቢዎችን የሚያስከትሉ ከባድ መኪናዎች እስከ 53.5 ሜትር ይረዝማሉ፤ ከኋላ ደርሰው ለማለፍ ሲፈልጉ መሪን አጽንቶ፥ ሳይቻኰሉ ማሳለፍ ይሻላል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ካንጋሮና ከብት ወደ መንገድ ስለሚወጡ ሌሊት መንዳት አይመከርም፤ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ማረፊያ ፈልጎ መስፈር የዐዋቂ መንገደኛ ልማድ ነው። ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲያልፉ ደግሞ የፍሬ ዝንብ እንዳይዛመት ብርቱካንና ማንጎ የመሰለውን ይከለክላሉና የቤት እመቤት ለሁለት ቀን የሚበቃውን ብቻ ትግዛ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክር ግን ይህ ነው፤ አውቶሞቢል የተበላሸበት ሰው አውቶሞቢሉን ትቶ በእግሩ አይሂድ። በ1963 በዲሴምበር ወር አንድ አምስት ነፍስ ያለው ቤተ ሰብ በበርድስቪል መንገድ በኩል ሲጓዝ መንገድ ስቶ ቤንዚን አለቀበት። ውሃም እያነሰባቸው ስለ ሄደ አውቶሞቢላቸውን ትተው ወጡ፤ አምስቱም በውሃ ጥም ሞቱ። በሰፊ ምድር ከአየር ላይ አንድን ሰው መፈለግ ጭንቅ ነው፤ አውቶሞቢልና ተጎታች ቤት ግን ከሩቅ ይታያሉ፤ ጥላም ይሰጣሉ። እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ልጆቻቸውን ለማዳን አንድ ነገር ማድረግ እንደሚገባ ልባቸው ያስቸኰላቸው ወላጆች ነበሩ። በምድረ በዳ ግን ከማድረግ ይልቅ መታገሥ የሚያድንበት ጊዜ አለ፤ ይህንም አስቀድሞ በቤት ሳሉ ተመካክረው ያልወሰኑት ሰዎች በጭንቅ ሰዓት አያስታውሱትም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው በቂ ውሃ ከበቂም በላይ ይያዝ፤ የት እንደሚያድሩና በየትኛው ቀን እንደሚደርሱ ለዘመድ ይነገር። ተከታትለው የሚሄዱት ወዳጆች በእጅ ራዲዮ ይነጋገራሉ፤ ተራ ስልክ በብዙ ስፍራ ስለማይሠራ ደግሞ በሳተላይት የሚሠራ ስልክ የሚይዙ ብዙዎች ናቸው። የታመመ ሰው ቢኖር በ1928 በቄስ ጆን ፍሊን ሐሳብ የተቋቋመው የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት በአውሮፕላን ይደርስለታል። የበረሓውም ልጆች ከ1951 ጀምሮ በአሊስ ስፕሪንግስ በተከፈተው የአየር ትምህርት ቤት በራዲዮ ይማሩ ነበር፤ ርቀት ቢኖር እንኳ ሰው ለሰው ካሰበ ብቸኝነት እንደሚሸነፍ ይህ ምስክር ነው።

አሁን ስለ ወዳጅነቱ እንናገር። በእንዲህ ያለ ጉዞ ወዳጆችን የሚያጣላቸው ትልቅ ነገር አይደለም፤ ትንሽ ነገር ነው። አንዱ ጎሕ ሲቀድ መነሣት ይወዳል፤ ሁለተኛው ሁለተኛ ስኒ ቡናውን ሳይጠጣ አይንቀሳቀስም። አንዱ ገንዘቡን ቈጥሮ ያወጣል፤ ሌላው በየማረፊያው ይገዛል። እንግዲህ ሳይነሡ የሚወሰኑ ነገሮች አሉ። በቀን ስንት ሰዓት እንደሚነዳ፥ የጋራው ወጪ በማን እጅ እንደሚቀመጥ፥ በሳምንት ስንት ቀን ሳይጓዙ እንደሚያርፉ ይወሰን። የጉዞው ፍጥነት በፈጣኑ ሳይሆን በዝግተኛው ልክ ይሁን። ደግሞም ሁልጊዜ አብሮ መብላት ግዴታ አይሁን፤ በሩን ዘግቶ ለብቻው የሚቀመጥ ወዳጅ ተቀየመ ተብሎ አይጠርጠር።

ስለ ባልና ሚስትም አንድ ቃል እንጨምር። ተጎታች ቤትን ወደ ኋላ መልሶ በማረፊያ ስፍራ ማቆም ብዙ ትዳር የሚፈተንበት ሥራ ነው፤ ባል መሪውን ይዞ፥ ሚስት ከኋላ ቆማ ስትመራው ሁለቱም ይጯጯኻሉ፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ወንበሩን አውጥቶ ይመለከታል። ምልክቱን አስቀድመው በጸጥታ የተማማሩ ግን ሳይጣሉ ያቆማሉ። ሚስትም መንዳትን፥ ራዲዮ መክፈትንና ጎማ መለወጥን ትወቅ፤ ባልም ምድጃውንና የመድኀኒቱን ሣጥን ይወቅ። አንዱ በድንገት ቢታመም ሁለተኛው በምድረ በዳ መካከል እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ መሆን የለበትም።

ማታ ሲሆን ቤቶቹ በክብ ይቆማሉ፤ በመካከልም እሳት ይነድዳል። ከዋክብቱ በከተማ ሰው ዓይን ታይተው በማያውቁበት ብዛት ይታያሉ፤ ጨዋታውም ስለ ቀኑ መንገድ፥ ስለ ልጆች፥ በዚህ ዓለም ስለሌሉት ወዳጆች ይሆናል። በዚያች ሰዓት 2,700 ኪሎ ሜትሩ ለምን እንደ ተኬደ ይታወቃል። ዳርዊን ደርሶ ባሕሩን ማየት ደስ ያሰኛል፤ የጉዞው ትርፍ ግን በአንድነት የተነሡት ሰዎች በአንድነት መድረሳቸው፥ በደረሱም ጊዜ ገና ወዳጆች መሆናቸው ነው። በመንገድ ላይ በየጊዜው ወደ ኋላ ተመልክቶ የወዳጁን መብራት የሚፈልግ ሰው፥ ወደ ቤቱ ከተመለሰም በኋላ ይህን ልማድ አይርሳ።