አንድ ቁልፍ የሚከፍተው ሺህ ጓጉንቸር

የመካነ ሰላም ነጋዴ ሲመሽ ሱቁን ዘግቶ ጓጉንቸሩን ሳይፈትሽ ወደ ቤቱ አይሄድም። ከአንድ ፋብሪካ የወጣው ጓጉንቸር ሁሉ በአንድ ዓይነት ቁልፍ እንደሚከፈት ቢያውቅ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይገዛውም። ነገር ግን ዛሬ ከበሩ በላይ የሚሰቀለው የጥበቃ ካሜራና ኢንተርኔት የሚያከፋፍለው ራውተር አንዳንድ ጊዜ እንደዚያ ያለ ጓጉንቸር ሆኖ ይገኛል። ፋብሪካው የሰጠው የይለፍ ቃል ለሺህ ዕቃ አንድ ከሆነ፣ ያንን ቃል ያወቀ ሰው ሺውንም ይከፍታል።

ይህ በግምት የሚነገር ሥጋት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ የተነሣው «ሚራይ» የተባለ አጥፊ ፕሮግራም 60 ያህል የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉትን ካሜራዎችና ራውተሮች ያዘ። ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. የተያዙት ዕቃዎች በአሜሪካ የኢንተርኔት አድራሻ አገልግሎት በሚሰጠው በዳይን ኩባንያ ላይ ስለ ዘመቱ፣ ትዊተርን የመሳሰሉ ታላላቅ አገልግሎቶች ለሰዓታት ተሰናከሉ። የጆርጂያ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ የሚሺጋንና የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ነገሩን መርምረው፣ በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ባቀረቡት ጥናት የተያዙት ዕቃዎች በመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት 65,000 ያህል፣ እጅግ በበዙበት ጊዜም 600,000 ያህል እንደ ነበሩ ገልጸዋል።

የተያዘ ካሜራ ለባለቤቱ ምስል ማሳየቱን ስለማያቆም ጉዳቱ አይታወቅም። አጥፍቶ ማብራት ሚራይን ያስወግደዋል፤ የይለፍ ቃሉ ካልተለወጠ ግን ዕቃው ወዲያው ተመልሶ ሊያዝ ይችላል። ከዚህም የሚብሰው፣ የይለፍ ቃላቸውን ጨርሶ ለመለወጥ የማይቻል ዕቃዎች መገኘታቸው ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ገዥው ሊያርመው ስለማይችል፣ ጥንቃቄው ከአስመጪው ይጀምራል።

የእንግሊዝ መንግሥት ከሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ሕግ፣ ለሁሉ አንድ የሆነ የይለፍ ቃል ያለበት ዕቃ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ አምራቹም ዕቃውን እስከ መቼ እንደሚያድስ እንዲያስታውቅ አስገድዷል። ግዴታው አምራቹን ብቻ ሳይሆን አስመጪውንና አከፋፋዩንም ይመለከታል። ስለዚህ ለዚያ ገበያ የሚያመርተውን ፋብሪካ የእኛም አስመጪ ይህንኑ ደረጃ ቢጠይቀው የሚከብድ ነገር አይሆንም።

መካነ ሰላም ከባሕር በር ሩቅ ናት፤ ለኢንተርኔት ግን ርቀት የለም። ባለሱቁ ከመግዛቱ በፊት «የይለፍ ቃሉ ይለወጣልን? እድሳቱስ እስከ መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ዕቃውን በተከለበት ቀንም ቃሉን ይለውጥ። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በከተማው ካምፓስ ስላለው፣ ነጋዴዎች ተባብረው የኮምፒዩተር መምህራኑን ምክር ቢጠይቁ መልካም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ የብዙ ጊዜ ጸጸትን ያስቀራል።