ከፈረስ ጉልበት በፊት ክብደት

ወላይታ በሁለት ትልልቅ ውኃዎች መካከል ያለ ዞን ነው። በደቡብ ምሥራቅ መሬቱ ከሁምቦ ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል፤ በምዕራብ ደግሞ የኦሞ ወንዝ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀውና 243 ሜትር ከፍታ ባለው የጊቤ ሦስት ግድብ ታግዶ ወደ 150 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሆኗል። ለዓሣም ሆነ ለጭነት ሞተር ጀልባ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው “ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?” ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ግን የክብደት ጥያቄ ነው፦ ጀልባዋ ምን ያህል ትጭናለች? ክብደቱስ የት ላይ ያርፋል? ትልቅ ሞተር የተበላሸ አጫጫንን አያርምም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ያባብሰዋል።

ጀልባ የምትሄደው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ውኃውን እየሰነጠቀች ታልፋለች፤ ወይ ደግሞ ክብደቷ ቀሎ በቂ ጉልበት ስታገኝ ከፍ ብላ በውኃው ፊት ላይ ትንሸራተታለች። እየሰነጠቀች የምትሄደውን የሚገድባት ርዝመቷ ነው። 7 ሜትር የምትረዝም ጀልባ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስትደርስ ራሷ ያስነሣችው ማዕበል ኋላዋን ዝቅ፣ ፊቷን ከፍ ያደርገዋል። ጭነት በዝቶባት መንሸራተት ካልቻለች ከዚህ በላይ የሚጨመረው ጉልበት አብዛኛው ማዕበል በመሥራት ያልቃል፤ ቤንዚኑም አብሮት ይሄዳል።

ሞተሩ ራሱም ጭነት ነው፤ የሚሰቀለውም በጣም በሚጎዳው ቦታ፣ በኋላው ጫፍ ላይ ነው። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ቱ ስትሮክ ሞተር 70 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ እኩል ጉልበት ያለው ፎር ስትሮክ ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። የ30 ኪሎው ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከ7 ሜትር ጀልባ መካከል 3.5 ሜትር ርቆ ስለሚንጠለጠል፣ ሚዛኑን ለመመለስ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1.5 ሜትር ወደፊት መጠጋት ይኖርበታል። ሚዛኑ ካልተመለሰ ፊቷ ይነሣና ነጂው ከፊቱ ያለውን አያይም፤ የተነሣውን ፊት ነፋስ ያዞረዋል፤ ጋዙን በድንገት ሲለቅም ከኋላ የተከተለው ማዕበል በዝቅተኛው ጠርዝ ይገባል። አባያ ላይ ይህ አሳሳቢ ነው። ሐይቁ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም ጥልቀቱ ቢበዛ 13 ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነሣበት አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ያወጣል። ጭነቱን ሁሉ ወደፊት መክመርም አይበጅም፤ ፊቷ የተቀበረ ጀልባ ማዕበል ከኋላ ሲገፋት መሪ አትታዘዝም።

“ከፍታ ላይ ሞተር ይደክማል፤ ስለዚህ ትልቅ ይገዛ” የሚል ይኖራል። ድካሙ እውነት ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አባያ 1,170 ሜትር አካባቢ ስለሚገኝ 40 የተባለው ሞተር እዚያ 35 ገደማ ይሰጣል። ቀዳሚው መድኃኒት ግን ርካሹ ነው፦ ፕሮፔለር መቀየር። የተጫነ አይሱዙ ወደ ሶዶ ዳገት ሲወጣ ማርሽ እንደሚቀንስ ሁሉ፣ ከባድ ጀልባም በአንድ ዙር አጭር ርቀት የሚገፋ ፕሮፔለር ያስፈልጋታል። ያኔ ሞተሩ ወደ ተገቢው ዙር ይደርሳል፤ ታፍኖ አይሠራም፣ አይግልም። ፕሮፔለሩ ተስተካክሎም ካነሰ፣ ከፍ ያለ ሞተር መግዛት ተገቢ ነው፤ ጀልባዋ እንድትሸከም ከተፈቀደላት ልክ ግን ማለፍ የለበትም።

ሌላው ደግሞ “ክብደት ይህን ያህል ከከፋ ሁላችንም ቱ ስትሮክ እንግዛ” ሊል ይችላል። ስሌቱ ግን ሞተሩ ላይ አያበቃም። ካርቡራተር ያለው ቱ ስትሮክ ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ ያቃጥላል፣ ነዳጅም ይበላል። ቱ ስትሮኩ 60 ሊትር የሚፈልግበትን መንገድ ፎር ስትሮኩ በ40 ቢጨርሰው፣ ሳይጫን የቀረው 20 ሊትር ቤንዚን 15 ኪሎ ያህል ነው። የልዩነቱ ግማሽ ተመለሰ ማለት ነው፤ ቀሪውን የነዳጅ በርሜሉን ከኋላ ወደ መካከል በማምጣት ማካካስ ይቻላል። በአጭር መንገድ ቀላል ዕቃ ለሚያመላልስ ዓሣ አስጋሪ ቱ ስትሮኩ ሊበጀው ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ለሚያሻግር ግን ፎር ስትሮኩ ያዋጣል።

ፍጥነት የግድ የሚሆንበት ሥራም አለ። ጥቂት ሰው ይዛ የምትወጣ የነፍስ አድን ጀልባ መንሸራተት ስለምትችል ትልቅ ሞተር ይገባታል። የሚገባት ግን ቀላል ስለሆነች ነው፤ ይኸው ሞተር እስከ አፏ ሙዝ በጫነች ጀልባ ላይ ቢሰቀል ኋላዋን ከማጥለቅና ነዳጅ ከመፍጀት የተሻለ ነገር አይሠራም። ስለዚህ የግዢው ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ ጭነቱ ይመዘን፣ ቀጥሎ ለዚያ የሚሆን ጀልባ ይመረጥ፣ ከዚያ ሞተሩና ፕሮፔለሩ በአንድ ላይ ይታሰቡ። ለትርፍ ጉልበት ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ጃኬት ቢገዛበት የበለጠ ይጠቅማል።