ከአዲስ አበባ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሻርክ ጉብኝት

የታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሻርክ ጉብኝት በጅቡቲ ጠረፍ በየዓመቱ የሚሰባሰቡትን ዌል ሻርኮች በውኃ ውስጥ ለማየት የሚደረግ የሞቃት ባሕር ጉዞ ነው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ ከሆነች በኋላ ኢትዮጵያ ምጽዋን፣ አሰብንና የዳህላክ ደሴቶችን የያዘ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፣ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ትልልቅ የባሕር እንስሳት የሚታዩበት ቅርብ ቦታ ይህ ባሕረ ሰላጤ ነው። ጉዞው በሌላ ሀገር ከሚደረግ ተመሳሳይ ጉዞ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ተጓዡ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነ ከተማ መመለስ አለበት።

እንስሳው

ዌል ሻርክ በዓለም ላይ ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው። ስሙን ያገኘው ከዓሣ ነባሪ ጋር በሚያመሳስለው ግዝፈቱ ሲሆን፣ በሳንባ ሳይሆን በስንጥብ ስለሚተነፍስ ዓሣ ነባሪ አይደለም። ለሳይንስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1828 በደቡብ አፍሪካ ነው። ሙሉ በሙሉ ያደገው ከ12 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። አፉን ከፍቶ ውኃውን በማጥለል ፕላንክተንና ትንንሽ ዓሦችን ይመገባል፤ ሰውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተጋለጡ ዝርያዎች መካከል መድቦታል።

ወቅቱና ቦታው

እንስሳቱ በብዛት የሚታዩት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። በዚህ ወቅት ፕላንክተን በባሕረ ሰላጤው ደቡባዊ ዳርቻ፣ በተለይም በአርታ የባሕር ዳርቻ አቅራቢያ ስለሚከማች ሻርኮቹ ከባሕሩ ዳር ብዙም ሳይርቁ ይመገባሉ። በጥናት የተመዘገቡት አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ወንዶች ሲሆኑ፣ ርዝመታቸውም ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜትር ነው። ከዚያ በስተምዕራብ የጉቤት ሰርጥ፣ በጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት ደግሞ የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች ይገኛሉ፤ በደሴቶቹ ዙሪያ ያሉት የኮራል አለቶች ለስኩባ ጠላቂዎች ይመቻሉ።

ዌል ሻርክ ሲመገብ በውኃው ገጽ ላይ ስለሚሆን ለማየት በአብዛኛው ስኩባ አያስፈልግም። የውኃ መነጽር፣ ስኖርክል የሚባለው የመተንፈሻ ቱቦና የእግር ክንፍ ይበቃሉ። ይሁን እንጂ በጥልቅ ውኃ ላይ ተረጋግቶ መዋኘት የግድ ነው።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በአውሮፕላንም በባቡርም ይደረሳል። አዲሱ የኢትዮ-ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2018 ነው። መነሻው የፉሪ-ለቡ ጣቢያ፣ በጅቡቲ ከተማ ዳር ያለው ጣቢያ ደግሞ ናጋድ ይባላል። የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ-ምዕራብ መስመር የሚያልቅበት የጦር ኃይሎች አካባቢ ነዋሪ ወደ ለቡ ለመሄድ መሀል ከተማ መግባት አያስፈልገውም፤ የቀለበት መንገዱን ይዞ ወደ ደቡብ መጓዝ ይችላል። ከጅቡቲ ከተማ እስከ ሻርኮቹ ድረስ ጉዞው በጀልባ ወይም በመኪናና በጀልባ ነው።

ፓስፖርትና ቪዛ አስቀድሞ መዘጋጀት አለባቸው። በጅቡቲ ወባ ስላለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝም በከተማ ውስጥ ስለምትራባ፣ ከመነሣት በፊት ሐኪም ማማከርና አጎበር መጠቀም ይመከራል።

ጥልቀትና ከፍታ

በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ግፊቱ በአንድ የባሕር ወለል የአየር ግፊት ያህል ይጨምራል። ስኩባ ጠላቂ በዚህ ግፊት የታመቀ አየር ሲተነፍስ ተጨማሪ ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ሲወጣ ናይትሮጅኑ በትንፋሽ ይወገዳል፤ ነገር ግን ሁሉም ወዲያው አይወጣም፤ ለመጨረስ ሰዓታት ይወስዳል። ከዚያ በፊት በዙሪያው ያለው ግፊት ከቀነሰ ጋዙ አረፋ ሊፈጥርና የዲኮምፕሬሽን ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ምልክቶቹ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ማዞርና ከባድ ድካም ሲሆኑ፣ ሲጠና ሽባ ሊያደርግ ወይም ሊገድል ይችላል። ሕመሙ ከተጠረጠረ ንጹሕ ኦክስጅን መስጠትና ከፍተኛ ግፊት ያለው የሕክምና ክፍል ወዳለበት ቦታ በፍጥነት ማድረስ ያስፈልጋል።

ለዚህም ነው ጠላቂዎች ወዲያው በአውሮፕላን እንዳይሳፈሩ የሚከለከሉት። የተለመደው መመሪያ ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋጋሚ ወይም ከብዙ ቀናት ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅን ያዛል፤ ብዙዎች 24 ሰዓት ይጠብቃሉ። መመሪያው የተመሠረተው የአውሮፕላን ክፍል ውስጥ ያለው ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ግፊት ጋር ሊመሳሰል በመቻሉ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከዚህ ከፍታ ብዙም አታንስም፤ የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ በባቡር ወይም በመኪና መመለስ አደጋውን አያስቀርም፤ ቤት መድረስ ራሱ እንደ በረራ ይቆጠራል። ልዩነቱ የአውሮፕላን መንገደኛ ከሰዓታት በኋላ ሲወርድ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ግን እዚያው ከፍታ ላይ መቆየቱ ነው።

የቀናት አደላደል

ከዚህ የሚነሣ ጠቃሚ ደንብ አለ። ሁለቱንም ለማድረግ የሚፈልግ ሰው ስኩባውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ የዌል ሻርክ ዋናውን ደግሞ በመጨረሻው ቀን ማድረግ ይሻለዋል። በውኃው ገጽ ላይ በስኖርክል መዋኘት የታመቀ አየር ስለማያስተነፍስ ያን ናይትሮጅን አይጨምርም፤ የመጠበቂያው ቀንም ያለ ሥራ አይባክንም። ትንፋሽን ይዞ ደጋግሞ ወደ ጥልቀት መውረድ ግን በዚያ ቀን መቅረት አለበት።

ከእንስሳቱ ጋር

የሻርኮቹ ዋነኛ ችግር የጀልባ ግጭትና የጎብኚ መጨናነቅ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ኒንጋሉ የሚሠራበት ደንብ ለሌላውም ቦታ አርኣያ ሆኗል፦ ከአካሉ 3 ሜትር፣ ከጅራቱ 4 ሜትር መራቅ፣ አለመንካት፣ መንገዱን አለመዝጋት፣ ብልጭታ ያለው ካሜራ አለመጠቀም፣ በአንድ ጊዜም ከ10 በላይ ሰው ወደ ውኃው አለማስገባት። ጀልባ ነጂው ከመሣፈር በፊት ስለነዚህ ነገሮች ቢጠየቅ ጥሩ ነው።

ፎቶግራፍና ኮምፒውተር

በዌል ሻርክ ጀርባ ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዛቨን አርዙማኒያን፣ ጄሰን ሆልምበርግና ብራድ ኖርማን የሰማይ ከዋክብትን ሥዕሎች ለማመሳሰል የተሠራን አልጎሪዝም ለነዚህ ነጠብጣቦች አዋሉት። ዘዴው ነጠብጣቦቹን ሦስት ሦስት አድርጎ በማገናኘት የሦስት ማዕዘኖቹን ቅርጽ ያነጻጽራል፤ ስለዚህ ፎቶው በተለያየ ርቀት ቢነሣም ይሠራል። ከስንጥቦቹ በስተኋላ ያለውን የጎን ገጽ በግልጽ የሚያሳይ የጎብኚ ፎቶ ከቀኑና ከቦታው ጋር ለመረጃ ቋቱ ሲላክ፣ ያው ሻርክ ከዓመታት በኋላ የት እንደታየ ለማወቅ ይረዳል።

ሌሎች የቀይ ባሕር ቦታዎች

በሱዳን ጠረፍ ያሉት ሻዓብ ሩሚና ሳንጋኔብ በመዶሻ ራስ ሻርኮች ይታወቃሉ። በሻዓብ ሩሚ ዣክ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ሰዎች በውኃ ውስጥ የኖሩበትን የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ ነበር። ሳንጋኔብ ከዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤ ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዱንጎናብ በማንታ ሬይ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የጀመረው የሱዳን ጦርነት ግን ወደዚያ የሚደረገውን ጉዞ አደገኛ አድርጎታል። በግብፅ የወንድማማቾች ደሴቶችና የዴዳለስ አለት ሌሎቹ የታወቁ የሻርክ መመልከቻዎች ሲሆኑ፣ ሞገዱና ጥልቀቱ ልምድ ያለው ጠላቂ ይፈልጋሉ። ለጀማሪ የታጁራው ዳርቻ የተሻለ መነሻ ነው።